ከቡናማው መስመር በላይ

“ጭቃ ደግሞ መቼ ነጥቶ ያውቃል?” ይላል አባቴ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን እያየ። ከሐይቁ ወለል በረጅም ቱቦ ያወጣነው ጭቃ ነው። ጠዋት ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ።

አባቴን እየጎተትኩ ነው ላቦራቶሪ ያመጣሁት። ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ከቆዳ ፋብሪካው አንድ ባልዲ ፍሳሽ ሐይቁ ሲገባ አላየሁም ሊል ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እሱን ያምነዋል። ፋብሪካው ከረታ መድፋቱን ይቀጥላል። እህቴ ልጆቿን የምታጥበው በዚያው ውሃ ነው፤ የትንሿ ቆዳ ተልጦ አላለቀም።

በየዓመቱ አንድ ስስ ንጣፍ እንደሚዘቅጥ አስረዳዋለሁ። ከታች ያለው ሁሉ ቡናማ ነው። ፋብሪካው ከተከፈተበት ዓመት ወዲህ ያለው ግን ጥቁር ነው፤ ይሸታልም።

“ይሄን ማንበብ ያስተማረሽ እኮ የፋብሪካው ደሞዝ ነው” ይለኛል ረጋ ብሎ። እውነቱን ነው። ይሄው ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ።

ጎንበስ ይላል። ጥቁሩ መሃል አንዲት ቀጭን ቡናማ መስመር አለች። የመቼ ናት ይለኛል። ትንሹ ወንድሜ የተወለደበትና የተከታዩ ዓመት መሆኗን እነግረዋለሁ። በጣቶቹ ያሰላል።

ፍሳሹን ወደ ሐይቁ የሚገፋው ፓምፕ የተቃጠለ ጊዜ ነው ይላል። መለዋወጫ ጠፍቶ፣ መሐንዲሶቹ እጅ ሰጥተው፣ ፍሳሹ ሁለት ዓመት ሙሉ በቦቴ እየተጫነ ሩቅ ጉድጓድ ይደፋ ነበር። ለካ ሳያስበው አመነልኝ። ደስ ግን አላለኝም።

“ማነው የጠገነው?” እለዋለሁ። የምረግመው ሰው ፈልጌያለሁ።

ከጭቃው ቀና ይላል።

“እሁድ ነበር” ይላል። “የእረፍት ቀኔ። ማንም አላዘዘኝም። ካሮጌ ሞተር ዕቃ ፈትቼ ገጠምኩለት። ሲነሳ አጨበጨቡልኝ።”

አፌ ላይ የነበረው እርግማን እዚያው ይቀራል። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

“ከመስመሯ በላይ ያለውን ጥቁር ቁጠሪልኝ” ይላል። “ጮክ ብለሽ።”

መርፌዬን አነሳለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ መቁጠሬን አላቆምም።