ከዳንግላ የገባ እጅ

«ማነው የሚነካካው?» አለ አዝመራው፣ ዱላውን ከትከሻው እያወረደ።

እህተማርያም በጽሕፈት ሱቋ ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የማውሱ ቀስት ለብቻዋ ትሮጣለች፤ አንዱን ትከፍታለች፣ ሌላውን ትዘጋለች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ፣ ማውሱን እንዳትነካ የተነገራትን ታከብራለች።

«ሀብቱ ነው፣ ጋሽ አዝመራው። ኮምፒውተር ጠጋኛችን። የኮምፒውተሩን መግቢያ ቁጥር በስልክ ነገርሁት፣ በኢንተርኔት ገባ። የእርስዎን ጽሑፍ እየፈለገ ነው።»

«የት ሆኖ ነው የገባው?»

«ዳንግላ።»

ምነው ምላሷን በቆረጠው! አዝመራው ከዘንገና ሐይቅ በታች ባለው የአባቱ መሬት የሚካሰሰው ከእህቱ ባል ከውብአየሁ ጋር ነው፤ ውብአየሁ ደግሞ የዳንግላ ሰው ነው። ይህን ራሷ እህተማርያም ከትናንት ወዲያ ስድስት ገጽ ይግባኝ ላይ ተይባዋለች። ግን የሚተይብ ሰው መቼ ያነባል? ጣቷ ያለፈበትን ሁሉ ልቧ ቢይዝ ኖሮ ይኸኔ አብዳ ነበር።

ይግባኙ የመዝገብ ቁጥር ጎድሎት ሳይታተም ቆየ። ዛሬ ጠዋት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሹን ሰካ፣ በቃ፣ ያለ የሌለው ጽሑፍ ሁሉ ድራሹ ጠፋ። በእጅ የተጻፈውን ደግሞ ተይባ እንደጨረሰች ቀዳ ጥላዋለች፤ ልማዷ ነው። የይግባኙ ቀን ዛሬ ያልቃል። መዝገብ ቤቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ካለፈ መሬቱ የውብአየሁ ነው።

«የሰው ፍላሽ ሳትፈትሺ አትክፈቺ ስልሽ መቼ ሰማሽ?» ይላል ሀብቱ በስልኩ። «አንቲቫይረስሽ አፕዴት ከተደረገ ዓመት አልፎታል። ነፃ ነው ብለሽ ጫንሽው፣ ከዚያ ረሳሽው!»

«ስብከቱን ተወውና ፈልግልኝ!»

አዝመራው ቀስቷ ላይ አፍጥጧል። የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይታያታል።

«ውብአየሁን ነው ያስገባሽው» አለ ዝግ ብሎ።

«ኧረ በማርያም! ሀብቱ ነው እኮ የምልዎ!»

«ዓይኔ እያየ! እዚሁ ፊቴ ቁጭ ብለሽ ልታስጠፊኝ! አንች፣ በርስትና በሚስት ቀልድ እንደሌለ እናትሽ አልነገረችሽም?»

ዱላው የጠረጴዛውን መስታወት አደቀቀው። ስባሪው ፊቷ ላይ ተረጨ፤ ከቅንድቧ በላይ ሞቅ ያለ ነገር ወረዳት። ቀስቷ መሮጧን አላቆመችም። ሀብቱ ዳንግላ ተቀምጦ የሚያየው ፋይል ብቻ ነው፣ ከሱ ወዲህ ያለውን ምን አውቆት!

ሁለተኛው ዱላ ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ተነሳ። እህተማርያም ምን እንደገፋት አታውቅም፣ ሳጥኑ ላይ ተደፋችበት።

«ጽሑፉ እዚህ ውስጥ ነው! ከሰበርኸው የምትሰብረው የራስህን መሬት ነው፣ አንተ...»

አልጨረሰችም። ቀኝ እጇ ቋ አለ። ከክንዷ በታች፣ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ፣ ታጠፈ። ጩኸቷ ቤቱን ሞላው፣ ስልኩ መሬት ወደቀ።

«ማውሱን ለምን ትነኪዋለሽ?» አለ የሀብቱ ድምፅ ከወለሉ ላይ። «ተይው አልሁሽ እኮ፣ ልደርስበት ነው!»

ሦስተኛው ጀርባዋ ላይ አረፈ። አራተኛው ትከሻዋ ላይ። ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ዛሬ ሞትሁ አለች በልቧ፣ ለሰው ጭቅጭቅ ሞትሁ። አምስተኛውን ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

አልመጣም። ቀና ብላ አየችው። አዝመራው ዱላውን እንዳነሳ ቆሞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደል ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ተከፍቷል። ከላይ «ይግባኝ ባይ» ይላል፣ ከጎኑ የሱ ስም ከነአባቱ።

«የኔ ነው» አለ። ድምፁ ሰለለ። «የኔው ነው እኮ። አልጠፋም?»

ይኸኔ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ክንዴና ሦስት የባጃጅ ሹፌሮች ጩኸቷን ሰምተው ገቡ። አንዱ ዱላውን ነጠቀው፣ ክንዴ በቡጢ አፉን አለው፣ ሰውየው ወንበሩን ይዞ ወደቀ። እንደ ጤፍ ወቁት። እጁን አንስቶ እንኳ ፊቱን አልሸፈነም። ጋቢውን ገፈው ሁለት እጁን የፊጥኝ ሲያስሩት፣ ከከንፈሩ ደም እየተፋ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ግደሉኝ፣ ግን ወረቀቱን አድርሱልኝ! ዛሬ ነው የሚያልቀው፣ ልጆቼ የሚያርሱት ሌላ የላቸውም!»

«ዝም በል፣ አውሬ!» እያለ ክንዴ ወደ ደጅ ጎተተው።

እህተማርያም ከስክሪኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። ንዴቱ ከሕመሙ ባሰባት። አጥፊው፣ አላት ልቧ። አንድ ጣት ነው። ቫይረሱ በላው ብትል ማን ይጠይቃታል? ግራ እጇን ዘረጋች፣ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆየ።

«ምናባቱንስ!» አለች ጮክ ብላ። «ፋይል አጠፋች ልባል ነው?»

አዝመራው ጠዋት በስልክ ያስጻፋትን የመዝገብ ቁጥር በአንድ ጣት፣ አንድ በአንድ ለቀመችው። ፕሪንተሩ ስድስት ገጽ ተፋ። ደም የነካውን የመጀመሪያውን ገጽ ጨምድዳ ጣለችና ደግማ አተመችው።

ስትወጣ ቀኝ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል፣ በግራዋ ወረቀቱንና እስኪርብቶውን ይዛለች። አዝመራውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ እየገፉት አስፋልቱ ጋ ደርሰዋል።

«ቁሙ!»

ዞሩ። አዝመራው አቀረቀረ።

«አንች፣ ሆስፒታል ሂጂ እንጂ!» አለ ክንዴ። «እጅሽ እኮ ተሰብሯል!»

ወረቀቱን በክንዴ ጀርባ ላይ ዘረጋችው።

«ቀኝ እጁን ፍቱለት» አለች። «ሳይፈርም አይቀበሉትም።»