ወሬ የማያልቅበትን ባል ያገባችው ልብስ ሰፊ

"ዛሬም ዝም ልትለኝ ነው?"

ባልየው ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

"ምን ላውራ?" አላት... መብላቱንም ቀጠለ።

ከተጋቡ ገና ስድስት ወራቸው ነው።

እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች... ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት የስፌት መኪናዋ ብቻ ነው።

እጮኛሞች ሳሉ ስልኩ ጆሯቸው ላይ እስኪግል ያወሩ ነበር።

"አንድ ቤት እንግባ እንጂ ወሬያችን መች ያልቃል!" ይላት ነበር።

አመነችው...

አሁን ግን ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ለእናቷ እንዳትነግር "እሱን ካላገባሁ" ብላ ያስቸገረች ራሷ ናት። ለጓደኞቿ እንዳትነግር የሠርጓን ፎቶ አድንቀው አልጨረሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት ክር ልትገዛ ወጥታ እግሯ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰዳት።

በሩ ጋ ስትደርስ የባሏን ሳቅ ሰማች!

ወረፋ የያዙት ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እሱ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ያወራል...

ደጁ ላይ ቆም ብላ ለራሷ እንዲህ አለች፦ "ለካ ዝም የሚለው እኔን ብቻ ነው..."

ልትመለስ ስትል ተስተካክለው የወጡ አንድ አዛውንት አዩዋት።

"ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ነሽ አይደል?"

"እንዴት አወቁኝ አባባ?"

"ሜትርሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ወጥተሽ!" ሳቁ። "ሰውዬሽ ስላንቺ ሳያወራ ፀጉር ቆርጦ አያውቅም። የሰፋሽውን ቀሚስ ኮሌታ ሳይቀር እናውቀዋለን።"

ክው አለች።

ባልየው በመስታወቱ አይቷት ወጣ።

"ስለ እኔ ታወራለህ... ለእኔስ?"

አንገቱን ደፋ።

"እዚህ ካላወራሁ ደንበኛ አይመለስም። ቤት ስገባ አፌ ይዝላል... ዝም ብል የማይከፋት ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ ደግሞ የሚያዋራኝ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር..."



ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም።

ግን አሁን ሲገባ ጋደም ይላል፤ እስኪያርፍ አትነካውም። ከእራት በኋላ ስልኩን አጥፍቶ አጠገቧ ተቀምጦ ያዋራታል። እሷም በሳምንት ሦስት ቀን ከሌሎች ልብስ ሰፊዎች ጋር መሥራት ጀምራለች።

ዛሬም ዝምታው የሚመለስበት ቀን አለ... ያኔ ሆዷ ይባባል።

ወዳጆቼ... ስንጋባ ሁላችንም በልባችን የሳልነውን ሰው ይዘን እንገባለን። የጠበቃችሁትን ሳትናገሩ "አላሟላልኝም" ብላችሁ አትዘኑ፤ የሰው ልብ በመስኮት አይታይም።

እናንተስ... ከተጋባችሁ በኋላ "እንዲህ አልመሰለኝም ነበር" ያሰኛችሁ የመጀመሪያው ነገር ምን ነበር? ለትዳር ጓደኛችሁስ ነግራችሁታል?