በወረቀት የተፋቱ

ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነው፤ ለአንድ ትዳር የሚሰጠው ምትክ ደግሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ብቻ ነው። ባል ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነበርና ሚስቱን አግባብቶ ፍርድ ቤት ወሰዳት። በወረቀት ተፋቱ። ሁለት ቤት ሲደርሳቸው አንዱን ይኖሩበታል፣ አንዱን ያከራዩታል።

አሁን ሁለቱም ምትክ ቤት የሚሰጠው የወረዳው ኮሚቴ ፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ሲበዛ ተጠራጣሪ ነው።

«ለቤት ሲሉ የሚፋቱ በዝተዋል። ውሸት ከሆነ ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ» አለና ወደ ሴትየዋ ዞረ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩን፤ ምን አጣላችሁ?»

ባል ያስጠናት «ሰክሮ እየገባ አስቸገረኝ» እንድትል ነበር።

«አልተጣላንም» አለች።

ክው አለ።

«ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ አንድ ቀን መጣ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ስለ ቤት ብቻ አውርቶ ሄደ። እንዴት አደርሽ እንኳ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር የማወራው አጣሁ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሰብሳቢው ሳይቀር አንገቱን ደፋ። ለሁለቱም ቤት ተፈቀደ።

ደጅ እንደወጡ ባል ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አንቺ! ቲያትር ቤት ነበር መግባት የነበረብሽ! እንባውንስ ከየት አመጣሽው?»

እሷ አልሳቀችም። የቤታቸውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ታክሲ ተራው አቀናች።