የማዋለጃ አልጋው ርክክብ

ማክሰኞ ጠዋት በጤና ጣቢያው ግቢ የተገኙት ከክልሉ የግዥና ንብረት ቢሮ የመጣው የርክክብ ኮሚቴ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስና አዲሱ የማዋለጃ አልጋ ነበሩ። ቢሮው ለጤና ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የገዛው አልጋ እንደ ሙሽራ አምሮበት ነበር፤ እንከኑ በማዋለጃ ክፍሉ በር አልገባ ማለቱ ብቻ ነው።

«ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ብታዩት ምን ነበረበት?» አለች ነርሷ። እናቶችን መሬት ላይ ማዋለድ አንገሽግሿታል።

«አልጋው ልክ ነው፣ ሲስተር። የተሳሳተው በሩ ነው» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«እንግዲያው በሩን እናስፋዋ!»

«በር የሕንፃ አስተዳደር ሥራ ነው። እኛን የሚመለከተን ዕቃ ነው። አገልግሎት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ መልሰን እንጭነዋለን።»

«ኧረ በእመቤቴ! ስንት ዓመት የጠበቅነውን?»

ሾፌሩ አልጋውን ለመጫን መኪናውን ሲያስጠጋ፣ ምጥ የተፋፋመባት ሴት በባጃጅ ደረሰች። እስከ ክፍሉ የሚያደርስ ጊዜ አልነበረም። ነርሷ ግቢው መሐል አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ የኮሚቴው አባላት ኮታቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን አዙረው ከለሏት። ዝናብ እያካፋ ሕፃኑ አለቀሰ።

«ይሠራል!» አሉ ሰብሳቢው በደስታ።

አልጋው እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲቆይ ተወሰነ። በሳምንቱ ቢሮው ለጤና ጣቢያዎቹ በሙሉ ትልልቅ ጃንጥላ ገዝቶ አከፋፈለ።