በአማቾች ፊት የጮኸው ቦርሳ

የሙሽራው አያት፣ እማማ ቢቢዛዳ፣ የአባዬን ቦርሳ ማንገቻ ይዘው ይጎትታሉ። አባዬ በክርኑ ጎኑ ላይ አጣብቆት ፈገግ ይላል።

«ኧረ ተው አማቻችን! በክብር ቦታ ላይ ቦርሳ አንግቶ የሚቀመጥ ማን አለ? ሳትበላ ልትሄድ ነው?»

«ሰነድ ነው እማማ።»

«ሰነድህ እግር የለው፣ የት ይሄድብሃል?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔ ግን አልስቅም። ከአባዬ ሸሚዝ ሥር፣ ከሆዱ፣ እርሳስ የሚያክል ገመድ ወጥቶ ቦርሳው ውስጥ ይገባል። እዚያ ሁለት ባትሪዎች አሉ። ደረቱ ውስጥ ደግሞ አምና አስታና ያሉ ሐኪሞች የገጠሙለት ትንሽ ፓምፕ አለች። ልቡ ደክሞታል፤ ደሙን የምትገፋው እሷ ናት። አሮጊቷ ጠበቅ አድርገው አንዴ ቢስቡ፣ አለቀ።

ይህን እዚህ ቤት ማንም አያውቅም። ከካራጋንዳ ሦስት ሰዓት የነዳነው የእህቴን የመሩየርትን ሠርግ ቀን ለመቁረጥ ነው፤ አባዬም መኪና ውስጥ አስጠንቅቆኛል። «ቀኑ እስኪቆረጥ ትንፍሽ እንዳትይ። የልብ በሽታ በዘር ይወርዳል ብለው ልጄን ይተዉብኛል።» መሩየርት ከቤት ሆና በየአምስት ደቂቃው «ምን አሉ?» ብላ ትጽፍልኛለች። መልስ ሲሰለቸኝ ስልኬን ዘግቼዋለሁ።

እማማ ቢቢዛዳ ተሸንፈው ማንገቻውን ይለቃሉ። የተቀቀለው የበግ ጭንቅላት አባዬ ፊት ይቀርባል። በካዛክ ደንብ የሚቆርሰው የክብር እንግዳው ነውና እሱ ይቆርሳል፤ ጆሮው ለትንሿ፣ ለእኔ።

«ሰሚ ሁኚ» ይለኛል።

«ለዚችማ ሁለቱም ይሰጣት!» ይላል የሙሽራው አባት። ከገባሁ ጀምሮ አፌን አልዘጋሁማ።

ጆሮውን እያኘክሁ ከአባዬ ቦርሳ የሚወጣ ድምፅ እሰማለሁ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ባትሪው እያለቀ ነው፤ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢቀረው ነው። ጠዋት የቀየርኩለት እኔ ነኝ፣ ጥፍሬን እየቀባሁ። ያልሞሉትን ለእሱ ከትቼ የሞሉትን በራሴ ቦርሳ ይዤ ዞሬያለሁ!

«ዛውሬ፣ ስልክሽን አጥፊ!» ይላል አባዬ ዐይኑን አፍጥጦ።

ገብቶኛል። የተዘጋውን ስልኬን አውጥቼ እንደገና እዘጋዋለሁ። ጢጥ። ጢጥ። አባዬ ያስላል፣ ሥጋ ይቆርሳል፣ ደግሞ ያስላል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ምርቃት ሳይደርስ ከማዕድ መነሳት ነውር ነው፤ የሙሽራው አባት ደግሞ ስለ ፈረሱ ማውራት መጀመሩ ነው፣ ቶሎ የሚያልቅ አይመስልም።

«ይሄ ስልክ አይጠፋም እንዴ?» ይላሉ እማማ ቢቢዛዳ። «አንሺው እንጂ አንቺ፣ ሰው ሞቶ ይሆናል።»

«ገና አልሞተም» እላለሁና ብድግ እላለሁ።

ቦርሳዬን ይዤ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት እየረገጥኩ አባዬ አጠገብ እንበረከካለሁ።

«ተቀመጪ!» ይላል በጥርሱ መሃል።

«በኋላ ትገድለኛለህ።»

የእሱን ቦርሳ ከፍቼ አንዱን ባትሪ እነቅልና የሞላውን እሰካለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መንቀል የለም። ቀይ ጥፍሬ ያንሸራትተኛል። ቀጭ። ሁለተኛው። ቀጭ። ጩኸቱ ይቆማል።

ወሬውም ቆሟል። የፈረሱ ታሪክ እንኳን።

«ልቤ ነው» ይላል አባዬ ሰሃኑን እያየ። «በባትሪ ነው የሚሠራው። ልጄ ግን ጤነኛ ናት።»

እማማ ቢቢዛዳ በጉልበታቸው እየዳኹ ይጠጉትና፣ ሳይጠይቁት ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ይለጥፋሉ። ምን እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ድው ድው የለም፤ ግድግዳ ማዶ እንዳለ ፍሪጅ ቀጭን እንጉርጉሮ ብቻ።

ከዚያ እጃቸው ወደ ቦርሳው ይሄዳል። ዘልዬ እይዛቸዋለሁ።

«እማማ፣ አይጎተትም!»

«ማን ጎተተ? ልቀቂኝ!»

ከራሳቸው ጀርባ ትራሱን ይስባሉ። በክብር ቦታው ላይ፣ አባዬ ጎን ያነጥፉታል። ከዚያ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው፣ እንደተኛ ሕፃን፣ ቀስ አድርገው ያስቀምጡበታል።