ተምር የነካው ጣት

የመርፌው ክዳን ከእማማ ጀሊላ አውራ ጣት አልላቀቅ አለ። አራገፉት፤ አልወደቀም። በሌላው እጃቸው ሲነቅሉት ቡናማ ቀጭን ክር አብሮ ተሳበ።

የተምር ማር ነው።

ሶፋው ላይ ድመቷ የተወጋ ጎኗን ትልሳለች። ስሟ ካፓ ነው፤ ሉጋንዳ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸው ድመትን ሁሉ የሚጠሩበት ስም እሷ ላይ ቀርቷል። ኢንሱሊኑ ገብቷል። እማማ ጀሊላ የስኳር መለኪያውን አንስተው እንደገና አዩት፤ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ከአሥር በታች ከሆነ መርፌ የለም ብሎ ነበር ሐኪሙ። አሥራ ዘጠኝ አይደል ብለው ወጉ። አሁን ግን ጣታቸውን አዩ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ማፍጠር አይዘገይምና ተምሩን ጎረሱ፣ ውሃ ተጎነጩ፣ ከዚያ ድመቷ አልጋ ሥር ሳትገባ ብለው በዚያው እጃቸው ጆሮዋን ይዘው ጨመቁ። የደሟ ጠብታ ጣታቸው ላይ ተንሸራቶ ነው መለኪያው የጠጣው።

"ያ ረቢ! የለካሁት ተምሩን ነው እንዴ?"

እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ፈተጉ። ደሙ እንዲወርድ ካልሲ አሙቀው ጆሮዋ ላይ ያዙላት፤ ካፓ ጆሮዋን አጥፋ ፊቷን አዞረች። "እንቢ እንዳትይኝ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ።" መጀመሪያ መርፌው ጸጉር ብቻ ነካ። ደግመው ሲወጉ ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። መለኪያው ሲያስብ ቆየ።

አራት ነጥብ ሁለት።

የዋጠችው ነገር ቢሆን ያስተፏት ነበር። እሾህ ቢሆን ይነቅሉላት ነበር። ከቆዳዋ ሥር የገባውን በምን ይመልሱታል?

ለተስኒም ደወሉ። ድመቷ የዚህች የልጅ ልጃቸው ናት፤ ለሥራ ጂንጃ ከተማ ስትሄድ ለእሳቸው አደራ ሰጠቻት።

"እማማ! አፈጠሩ?"

"ባላፈጠርኩ ኖሮ! ድመትሽን ገደልኳት፣ ልጄ።"

"ምን? ሞተች?"

"አልሞተችም። ሶፋው ላይ ሆና ራሷን ትልሳለች።"

"ታዲያ ቁጭ ብላ የምትታጠበውን ነው ገደልኳት የሚሉኝ? ቀስ ብለው ይንገሩኝ እስቲ።"

ነገሯት። በስልኩ ውስጥ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ጮሆ አለፈ። ተስኒም ሐኪሙን ላናግረው ብላ ዘጋች፤ መልሳ ስትደውል ድምጿ ቀልዱን ትቶ ነበር።

"ኮሎሎ ያለው ክሊኒክ ተዘግቷል። ሐኪሙን ግን አግኝቼዋለሁ። ምግብ ትብላ ነው የሚለው፤ የወደደችውን። ደከም ካለች ወይ ከተንገዳገደች ማር ድዷ ላይ ይቀቡላትና ቶሎ ይደውሉልኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መጠበቅ ነው።"

"መጠበቅ! መጠበቅማ ያለ ሐኪምም አውቅበታለሁ።"

"አብሽሩ እማማ። እኔም አሁኑኑ እነሳለሁ፤ ማቢራ ጫካው ጋ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ እንጂ..."

እማማ ጀሊላ ደቃቁን አሳ አቀረቡላት። ካፓ አሸተተችና ዞር አለች። ለራሳቸው ካስቀመጡት ሾርባ ዶሮውን አውጥተው፣ አጥንቱን ለቅመው፣ በመዳፋቸው ሰጧት። ለወጉ ያህል አንዴ ላሰችው፤ ጠግባ የመጣች እንግዳ ትመስላለች። መሬት ተንበርክከው ከሳህኗ ቆንጥረው ጎረሱ። "እዪ፣ እኔም በላሁ። ይጣፍጣል፤ ወላሂ ይጣፍጣል።" ካፓ አፋቸውን አየች። ሳህኑን አላየችም።

እታች የመጠጥ ቤቶቹ ሰፈር ካባላጋላ ሙዚቃውን ለቆታል፤ ወለሉ ድም ድም ይላል። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። እማማ ጀሊላ ሶፋው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሾርባው ቀዝቅዞ ስቡ ላዩ ላይ ረግቷል።

ካፓ መጣችና ጭናቸው ላይ ወጣች። ዞረች፣ ቦታውን አመቻቸች፣ ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተጠቀለለች። ጉሮሮዋ ኩርር፣ ኩርር አለ። ዓይኖቿ ቀስ በቀስ ጠበቡ፤ ኩርርታውም አብሮ እየራቀ ሄደ። እንቅልፍ ነው? ሐኪሙ ደከም ካለች ያለው ይሄን ይሆን? ድካምና እንቅልፍ በምን ይለያሉ? ይሄን አልጠየቁም።

ልጆቻቸውን፣ ከዚያም የልጆቻቸውን ልጆች በዚሁ ጭን እሹሩሩ ሲሉ የኖሩት ሴትዮ አገጯን በጣታቸው ቀና አደረጉ።

"አትተኚ የኔ እናት። ካፓ፣ አትተኚብኝ።"

ድመቷ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። የሚነካካት ማን እንደሆነ አየች፤ እሳቸው መሆናቸውን ስታውቅ ተረጋግታ መልሳ ጨፈነችው።