የብርሃነ መስቀል ዋዝ

አስካለማርያም ሸራውን በገዛ እጇ ገፈፈችው። የከረመ አቧራ ቦነነና ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። አቧራው ሲሰክን መኪናዋ ታየች። አረንጓዴ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ጎማዎቿ ሟሽሸዋል፣ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አዙራ ጥግ ይዛ ቆማለች።

"ሱብሃነላህ! ከእኔዋ ጋር መንታ ናት" አለ ያዕቁብ።

"እንዲያዩዋት ብቻ ነው ያስገባሁዎት። ቅድም ነግሬዎታለሁ፤ አትሸጥም።"

ያዕቁብ የአልዩ አምባ ሾፌር ነው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ከቆላው መንደሮች ሰውና እህል በሚያመላልስባት ዋዝ ነው፤ አሮጌ የራሺያ ጂፕ ናት። ዛሬ ጠዋት ተሳፋሪ እንደጫነች፣ በዕድሜዋ ብዛት ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡሬተሯ ተሰንጥቆ ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። ቶዮታ ብትሆን ኖሮ ዕቃው ከየሱቁ ይገኝላት ነበር። "የዋዝ" ሲል ግን ባለ መለዋወጫዎቹ "አሁንም የሚነዳት ሰው አለ እንዴ?" እያሉ ሳቁበት። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ደውሎ አጣ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ "ጠባሴ ሰፈር አንዲት ሴትዮ ግቢ አንዷ ቆማለች፤ ግን ማንንም አታስነካም" አሉት። ይኼን ሲሰማ የራሱን በአይሱዙ አስጎትቶ መጥቶ ከአጥሯ ውጭ አቆማት።

"ኮፈኑን ብቻ ልክፈት፣ እትዬ?"

ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ይህንን እንደ እሺታ ቆጥሮ ከፈተና ራሱን ሞተሩ ውስጥ ቀበረ።

አስካለማርያም ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች። ከባሏ ከብርሃነ መስቀል እጅ በኋላ ያንን ሞተር የነካ ሰው የለም። መተማ ወርዶ ትራክተር ሊነዳ የሄደው ለአንድ መኸር ብቻ ነበር። በየእሁዱ ይደውላል፤ ስለ እሷ ከመጠየቁ በፊት ስለ መኪናዋ ይጠይቅና ያናድዳታል። አንድ እሁድ ሳይደውል ቀረ። እሷ ስትደውል ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ "አሁን ማግኘት አይችሉም" አለቻት። ይኸው አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዐምና ወንድሙ ቄስ ፍቅረ ማርያም መጥቶ፣ "እስቲ እህቴ፣ ተስካሩን እናውጣለት" ቢላት ያቀረበችለትን ምሳ ሳይቀምስ ነው ያስወጣችው። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የሚናገራት የለም። ጎረቤቱ ግን ስለ ብርሃነ መስቀል ሲያወራ "ነበር" ማለት ጀምሯል።

"ደኅና ነው!" አለ ያዕቁብ ካርቡሬተሩን በጣቱ ጠረግ ጠረግ እያደረገ። "በቤንዚን ካጠብኩት ይሠራል። በአላህ፣ እትዬ፣ ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ።"

"ባለቤቴ መጥቶ ሊያስነሣት ሲል እንቢ ብትለው ምን እለዋለሁ?"

እንዲህ ስትል ሰዎች የሚያደርጉትን ታውቀዋለች። አንገታቸውን ደፋ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ፤ ቶሎ ብለውም ወሬ ይቀይራሉ። ያዕቁብ መሬት አላየም። ግንባሩን ቋጥሮ ነገሩን አሰበበት።

"እሱማ እውነትዎን ነው" አለ። "ሾፌር ከመንገድ ሲገባ መኪናው ተፈታታ ቢያገኛት ያብዳል። ሲመጣ እንዲህ ይበሉት፤ ያዕቁብ የሚባል የአልዩ አምባ ሾፌር ወስዶታል ይበሉት። ይደውልልኝ። እሱ መንከራተት የለበትም፣ እኔው አምጥቼ አስርለታለሁ።"

ሲመጣ።

ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? "ምናልባት ቢመጣ" አላለም። ለማጽናናትም ድምፁን አላለሰለሰም። ገበያ ወጥቶ ማታ ስለሚመለስ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጋራዡ ውስጥ ታሪኩን ነግረውት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ መጠየቅም አልፈለገችም።

"አልሸጥልዎትም" አለች።

የያዕቁብ ትከሻ ወረደ።

"አውስዎታለሁ።"

ቀና ብሎ አያት።

"ውሰት ነው" አለች። "የሰው ዕቃ መሆኑን እንዳይረሱ።"

"ወላሂ አልረሳም።"

ቀስ ብሎ ፈታው። ሲጨርስ አቧራ እንዳይገባ የሞተሩን ክፍት አፍ በንጹሕ ጨርቅ ወተፈ። "ባለቤትዎ እንዳይቀየመኝ" አለና ፈገግ ብሎ፣ ካርቡሬተሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ወጣ።

አስካለማርያም ኮፈኑን ዘግታ ሸራውን መልሳ ታለብስ ጀመር። ከውጭ የመፍቻ ኳኳታ ይሰማታል፤ ቆየት ብሎም የቤንዚን ሽታ መጣ። የሸራውን ገመድ እየቋጠረች ሳለ ከአጥሩ ማዶ ሞተር አንዴ አጓርቶ ጠፋ። ደግሞ አጓራ። ከዚያ ተነሣ።

ያው ድምፅ ነው። ያ ሻካራው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን የሚጠራርገው፣ ብርሃነ መስቀል ከእነዋሪ ገበያ ሲመለስ ገና ከኩርባው የምትለየው።

ገመዱ ከእጇ አመለጠ። እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ስባ፣ አንዱን ክንፍ ከፍታ፣ ሁለተኛውንም በትከሻዋ ገፍታ ወለል አደረገችው። መተላለፊያው ላይ የምትጭር ዶሮ በእግሯ ገለል አደረገች። እንደ ድሮው ነጠላዋን ሰብስባ፣ ለሚገባው መኪና መንገድ ለቃ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

ያዕቁብ መሪውን እንደያዘ አያት። ለስንብት ያነሣውን እጁን መልሶ አወረደ። ማርሽ አላስገባም፤ ሞተሩንም አላጠፋም። ባለበት ቆየላት።

አስካለማርያም ምን እያደረገች እንደሆነ የታወቃት ያኔ ነው። በሩን ግን አልዘጋችውም።